ሁለት ድመትና አንድ ትሪ

ባለቤቴ ሁሴኖ የሰፈራችን አስታራቂ ነው። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ ወንድማማቾች በስንዴ ማሳ ድንበር ሲካሰሱ፣ ባለ ጋሪና ባለ ባጃጅ መንገድ ዘግተው ሲሰዳደቡ «ሁሴኖን ጥሩልኝ» ይባላል። እሱም ጋቢውን ደርቦ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ ይሄዳል። የያዘው ጠብ ሳይበርድ ቀርቶ አያውቅም፤ ከእኔ ጋር ያለውን ካልቆጠራችሁ። እንግዲህ ይህን የመሰለ ስም ያለው ሰው ነው በሁለት ድመቶች ፊት የተዋረደው። ነገሩ ሲነሳ አይወድም። «ሀሊሜ፣ ስንቱን አገር አስታርቄ በድመት ታነሺኛለሽ?» ይለኛል። አነሳዋለሁ።

ከሱቃችን ጀርባ ያለው ግቢ የእትዬ ማሚቱ ነው። እትዬ ማሚቱ የመንዝ ሰው ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ ለመዝገብ ቤት ሥራ ተመድበው አሰላ ሲመጡ «ለጊዜው ነው» ብለው መጡ። ብርዱ የአገሬን ይመስላል እያሉ ሰነበቱ፤ አቶ ካሣዬ የሚባሉ የፖስታ ቤት ሠራተኛ አገቡ፤ ጡረታ ወጡ፤ አቶ ካሣዬንም እዚሁ ቀበሩ። ዛሬም አገርዎ አይገቡም ወይ ሲባሉ «እዚህ እኮ ለጊዜው ነው» ይላሉ።

ሁለቱ ግቢዎች ድሮ የአንድ ሰው ስለነበሩ የእኛን ዕቃ ቤትና የእሳቸውን ጓዳ የሚለያቸው የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። ጣውላው ከሥሩ በስብሶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። በዚያ ክፍተት እሳቸው በርበሬ ሲያምሱ እኔ ዱቄት እየሰፈርኩ አስነጥሳለሁ፤ ሬዲዮ ሲከፍቱ ዜና እሰማለሁ፤ እኔና ሁሴኖ ስንጨቃጨቅ ደግሞ ሬዲዮው ዝቅ ይላል።

ሻምበል የሚባል ድመት አላቸው። አቶ ካሣዬ አንድ ቀን በዝናብ ከሥራ ሲመለሱ በካፖርታቸው ኪስ ሁለት የድመት ልጆች ይዘው ገቡ፤ ወንዱን ሻምበል፣ ሴቷን ቡሬ አሏቸው። ቡሬ ፀሐይ እየተከተለች የምትተኛ ዝምተኛ ነበረች። ሻምበል ግን ደረቱን ነፍቶ ሁለቱንም ግቢ የሚጎበኝ፣ አይጥ ከያዘም ለምስክር በር ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ደግሞም በሰፈራችን ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ሥጋ ቤት የሚበላ እሱ ብቻ ነው። እትዬ ማሚቱ ሲጾሙ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛ ረመዳን ስንይዝ ቀን ቀን ወደ እሳቸው ይመለስና ለማፍጠሪያ ሾርባው ሳይወጣ ደጃችን ላይ ይገኛል። ሁሴኖ «ይሄ ሙስሊም ነው» ይላል። እትዬ ማሚቱ «ፋሲካ ይምጣና እናያለን» ይላሉ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ቡሬን ባጃጅ ገጫት። እትዬ ማሚቱ ከጽጌረዳቸው ሥር ቀበሯት። ከዚያ ወዲህ ሻምበል ሌላ ሆነ። የውጭው በር ሥር ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል። ወተት ሲቀርብለት ያሸትና ይተወዋል። አይጦቹ ወሬው ወዲያው ደረሳቸው መሰለኝ በጣውላው ሥር እየሾለኩ የዱቄት ጆንያዬን ይቀዱት ጀመር። እኔ ስለ ዱቄቴ፣ እትዬ ማሚቱ ስለ ድመታቸው እናዝናለን።

«ሀሊሜ፣» አሉኝ አንድ ቀን ሱቅ መጥተው፣ «ዳበስኩት፤ አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። ይሄም ከሞተብኝ ካሣዬ ሁለተኛ ሞተብኝ ማለት ነው።»

ለሁሉም ነገር ቀልድ አላጣም፤ ያን ቀን ግን ሳይፈልጉ ስኳር መዘንኩላቸው።

ዶክተር ጁወይሪያን ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የዚሁ የአሰላ ልጅ። በቁሉምሳ መንገድ ላይ ድሮ ዶሮ የሚረባበት ቤት ተከራይታ የተጣሉ ውሾችና ድመቶች ታኖርበታለች። አባቷ መጀመሪያ የሰማ ዕለት «ይህን ሁሉ አስተምሬሽ የሰው ድመት ልትቀልቢ?» ብሎ ነበር አሉ። አሁን በየጠዋቱ ወተት የሚያደርስላት እሱ ነው።

ሻምበልን አገላብጣ አየችውና «በሽታ የለውም» አለች። «ብቻውን ኖሮ ስለማያውቅ ነው። ጓደኛ ቢያገኝ ይሻለዋል። እኔ ጋ ቤት የሚፈልጉ ትንንሾች አሉ፤ መጥተው ይዩ።»

«እኔስ ብቻዬን ኖሬ አውቅ ነበር?» አሉ እትዬ ማሚቱ። «ለእኔ ጓደኛ ያዘዘልኝ ሐኪም የለም፤ ለድመቱ ይታዘዝለታል!»

እንዲህ ይበሉ እንጂ በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ባጃጅ ሲያስቆሙ አየኋቸው። «ሀሊሜ፣ ሱቁን ለሁሴኖ ተይለትና ነይ፤ ብቻዬን ምርጫ አልችልም» አሉኝ።

ምርጫም አላስፈለገ። ከሽቦው በር እንደገባን ብርቱካን የመሰለች፣ ከጆሮ በቀር ሌላ ነገር ያልተፈጠረላት የምትመስል አንዲት የድመት ልጅ የነጠላቸውን ጥለት ነክሳ ያዘች። ሌሎቹን ለማየት ዞር አሉ፤ ከጥለቱ ጋር አብራ ዞረች።

«ሎሚ ትባላለች» አለች ጁወይሪያ። «መናኸሪያው ጋ፣ ሎሚ ሻጮች በጣሉት ዘንቢል ውስጥ ነው ያገኘናት።»

«ምነው መናኸሪያ? መንገደኛ ናት እንዴ?» አሉ እትዬ ማሚቱ። አቅፈዋት ነበር።

ይዘናት የምንሄድ መስሎን ነበር። ጁወይሪያ ግን መጀመሪያ ቤቱን ልይ አለች፤ መጣችም። መስኮቱ ይዘጋል ወይ? ግቢው ውሻ አለ ወይ? እርስዎ ሲወጡ ማን ያያታል? እኔ በሩ ላይ ቆሜ አላስቻለኝም።

«ልጄን ስድር የወንዱን ወገን ይህን ያህል አልጠየቅኩም» አልኳት። «ጥሎሽ ደግሞ ምን ያህል ትላላችሁ?»

«ጥሎሽ አልፈልግም እትዬ ሀሊሜ» አለች እየሳቀች፣ «ቃል ነው የምፈልገው። ሎሚ ለብቻዋ ክፍል ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል። ሻምበል እንዳያያት። እሷ የተኛችበትን ጨርቅ ለሱ፣ የሱን ለሷ እያቀያየራችሁ ሽታ ይለማመዱ። ከዚያ በሩ እንደተዘጋ እሷ በዚያ፣ እሱ በዚህ ይብሉ። መተያየት የሚመጣው በኋላ ነው፤ ሳይቸኮል። ባይስማሙ ደግሞ ንገሩኝ፤ መልሼ እወስዳታለሁ እንጂ በግድ አላኖራቸውም።»

«ጓዳዬ ባዶ ነው፤ እዚያ ትሁን» አሉ እትዬ ማሚቱ፤ ቃልም ሰጡ።

መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። ሻምበል የውጭውን በር ትቶ የጓዳው በር ሥር ያሸት ጀመር። አንድ ማለዳ ወተቱን እስከ ግማሽ ጠጣ። እትዬ ማሚቱ ሳህኑን ይዘው ሱቅ ድረስ መጡና ለደንበኛ ሁሉ አሳዩ።

ከዚያ ጎረቤት እንግዳ ጥየቃ መምጣት ጀመረ።

«ብቻዋን? በር ዘግታችሁባት?» አለች ከማዶ የመጣችው ሴትዮ።

«ሐኪሟ ናት እንዲህ ያለችው።»

«እና እዚያው ብቻዋን ትበላለች? እንግዳ?»

ይሄ ነገር ከባድ ነው። እኛ ጋ ሰው ብቻውን አይበላም። ጠግበህም ቢሆን እንግዳ ሲበላ እጅህን ታጥበህ ከጎን ትቀመጣለህ፤ አንድ ሁለቴ ነካ ነካ ታደርጋለህ። እንግዳ ብቻውን በላ ከተባለ ቤቱ ተሰደበ ማለት ነው። እትዬ ማሚቱም ልባቸው ተከፈለ።

«እውነቷን ነው እኮ ሀሊሜ» አሉኝ። «እየበላች ቀና ትልና በሩን በሩን ታያለች።»

ከዚያ ምሳቸውን ጓዳ ይዘው ገብተው ከሎሚ ጋር መብላት ጀመሩ። ሻምበል በር ላይ ሲጮህ ደግሞ ወጥተው ከሱ ጋር ይበላሉ። ቀሚሳቸው ጠበባቸው። ሁለቱ ድመቶች ለመላመድ ገና ናቸው፤ የወፈሩት እትዬ ማሚቱ ናቸው።

ይህንን ሁሴኖ ሰማ።

«ሐኪም ስለ መርፌ ትወቅ» አለ። «እንግዳ ብቻውን እንደማይበላ ግን የእናቷ ቤት አልነገራትም? እትዬ ማሚቱ፣ ለእኔ ይተዉት። ቅዳሜ አስታርቃቸዋለሁ።»

«አልተጣሉም እኮ» አልኩት።

«ያልተጣላማ በር አይዘጋም።»

«ዶክተሯ ግን ሳይቸኮል ብላ ነበር…» አሉ እትዬ ማሚቱ።

«ሳንባ እገዛላቸዋለሁ፤ ሳንባ ፊት የማይቸኩል ማን አለ?» አላቸው።

ቅዳሜ ዕለት ነጩን ጋቢ ለብሶ፣ የጁምዓ ኮፍያውን አድርጎ፣ የሠርጋችንን ባለ አበባ ትሪ ከመደርደሪያ አውርዶ ሄደ። ያ ትሪ ለዒድ ካልሆነ አይወርድም፤ እኔ ራሴ ስነካው ይቆጣል። ሳንባውን አድቅቆ ከትሮ መሐሉ ላይ ከመረው። ሳሎኑ መካከል አስቀመጠው። እትዬ ማሚቱን ሎሚን አሳቅፎ በአንድ በኩል፣ እኔን ሻምበልን አሳቅፎ በሌላ በኩል አስቀመጠን።

«እኔ ለምን ሻምበልን?»

«የሱ ወገን አንቺ ነሽ። ዱቄትሽን የሚጠብቅልሽ ማን ነው?»

ሁለቱም ፎጣ ተሸፍነው ነበር። ሁሴኖ በሁለታችን መካከል ተንበርክኮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናንተ የአንድ ግቢ ልጆች ናችሁ» አለ። «አንተ ሻምበል፣ ትልቅ ነህ፤ ሐዘን ላይ መሆንህንም እናውቃለን። አንቺ ሎሚ፣ ከሩቅ የመጣሽ ነሽ…»

«ከመናኸሪያ ናት» አልኩ።

«ሀሊሜ! … ከሩቅ የመጣሽ ነሽ። ዛሬ እፊታችን አብራችሁ ትበላላችሁ፤ ከዛሬ በኋላ ክፉ አትነጋገሩም። አላህ ፍቅር ይስጣችሁ። አሚን በሉ!»

«አሚን» አልኩ እኔ። «አሜን» አሉ እትዬ ማሚቱ። ሁሴኖ ሁለት እጁን ለዱዓ እንደዘረጋ ፎጣው ተገለጠ።

ሎሚ አብሮ መብላት የሚባለውን ነገር በደንብ ነው የገባት፤ በአራት እግሯ ትሪው መሐል ገባች። እቅፌ ውስጥ ያለው ሻምበል አየር እንደሚሞላ ጎማ ተነፋ። ከሆዱ የወጣው ድምፅ የወፍጮ ቀበቶ ሲንሸራተት የሚያወጣው ዓይነት ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ ቆሜ አልመሰክርም። ትሪው ተገለበጠ። ሳንባው የአቶ ካሣዬ ፎቶግራፍ ላይ ተለጠፈ። ሎሚ የሁሴኖን ጋቢ እንደ ዛፍ ወጥታ ኮፍያው ላይ ተንጠለጠለች። ሁሴኖ እጁን አላጠፈም ነበር፤ ሻምበል በተዘረጋው መዳፉ ላይ በጥፍሩ ተረማምዶ በመስኮት ወጣ።

ትሪው ብቻ ወለሉ ላይ እየተሽከረከረ ይጮህ ነበር።

«ሳንባው ነው» አለ ሁሴኖ በመጨረሻ፣ ደሙን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። «ጉበት ነበር መግዛት የነበረብኝ።»

ሻምበል አልተመለሰም። በማግስቱም አልተመለሰም። ከጭላሎ በኩል የሚወርደው ዝናብ አላባራ አለ። እትዬ ማሚቱ ሻምበል የወጣበትን መስኮት አልዘጋም ብለው በዚያ ብርድ ካፖርት ለብሰው ሳሎን ይቀመጣሉ። ካፖርቱ የአቶ ካሣዬ ነው። ምግብ ስወስድላቸው «አስቀምጪው» ይሉኛል፤ እንዳስቀመጥኩት አገኘዋለሁ። ለሎሚ ያበላሉ፤ ግን አያቅፏትም።

ሁሴኖን አንድ ቃል አልተናገሩትም። እሱን የገደለው ይሄ ነው። «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» እያለ እራቱን ይገፋል። በነጋ ቁጥር ጉበት በሳህን ይዞ «ሻምበል! ሻምበል!» እያለ ሰፈሩን ያስሳል። ከላይኛው መንገድ ጡረታ የወጡ እውነተኛ ሻምበል አሉ፤ በራቸውን ከፍተው «አቤት፣ ማን ነው?» አሉት። ሳህኑን በጋቢው ሸፍኖ፣ «ደህንነትዎን ልጠይቅ ብዬ ነው» ብሎ ተመለሰ። ሰውየው ደስ ብሏቸው በሌላ ቀን ሊጠይቁት መጡ፤ ሻይ አፈላሁላቸው።

እኔ ሻምበልን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ዱቄት ላወጣ ዕቃ ቤት ገባሁ። ጆንያዎቹን ሳይ አዲስ ቀዳዳ የለም። ወለሉን ሳይ የአይጥ ዱካ የለም። አልሀምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት ከገብሱ ጆንያ ጀርባ ሁለት ዓይን አየኝ። ሻምበል! ባዶ ጆንያ ላይ ተጋድሟል፤ ፊቱን ወደ ጣውላው አዙሮ፣ አፍንጫውን ክፍተቱ ላይ አድርጎ።

ጩኸቴን ሰምተው እትዬ ማሚቱ በዝናቡ ነጠላ ጫማቸውን ጥለው መጡ። አቅፈውት አለቀሱ። «የት ነበርክ አንተ? ምን አድርጌህ ነው?» እያሉ ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ደፉን ሲያልፉ አየሩን አሸተተ፤ ተወራጨ፤ አመለጠና ወደ ዕቃ ቤቴ ተመለሰ። እንደገና ወሰዱት፤ እንደገና ተመለሰ። ወተቱን ግን እዚያው ጆንያው ላይ ሳቀርብለት ጠጣ።

እትዬ ማሚቱ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። የባለቤታቸው ካፖርት ነጭ ሆነ።

«በቃ ሀሊሜ። ዶክተሯን ጥሪልኝ፤ ልጅቷን ትውሰዳት።»

«እትዬ ማሚቱ…»

«ካሣዬ በኪሱ ያመጣልኝን አባርሬ መናኸሪያ የተገኘችውን አላቅፍም። ጥሪልኝ አልኩ።»

ይህን ሲሉ ሎሚ ከጣውላው ማዶ ጮኸች። እትዬ ማሚቱ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ሳቡ።

ጁወይሪያ ካርቶን ይዛ መጣች። እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ ቆመን የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ከሁሉም ያልገባት አንድ ነገር ነበር።

«አንድ ትሪ ላይ?» አለች።

«አንድ ትሪ ላይ።»

«በተያዩበት በመጀመሪያው ቀን? አፍ ለአፍ?»

«ሰው በአንድ ትሪ ካልበላ በምን ይታረቃል?» አለ ሁሴኖ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

እሱን ለማብሸቅ ያህል ነው የተናገርኩት እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ «በማሳ ድንበር የተጣሉትን የሁሩታዎቹን ወንድማማቾች ስታስታርቅስ መጀመሪያ ቀን የሠርጌን ትሪ ይዘህ ሄድክ?» አልኩት።

«አብደሻል እንዴ? ይጋደሉ ነበር!» አለኝ። «ኦብሳ እኮ ቆንጨራ ስሎ ነበር። መጀመሪያ ኦብሳን ለብቻው ሰማሁ። ጉቱን ለብቻው ሰማሁ። ዓይን ለዓይን እንዳይተያዩ መንገዳቸውን እንኳን ለየሁ። ከዚያ የዚህን ቃል ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ፣ ስድቡን እያወጣሁ፣ ደህናውን እያስቀረሁ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ! ልባቸው ሲለዝብ፣ ያኔ ነው ትሪው…»

ቆመ። የተቧጨረ መዳፉን አየ።

«ትሪው?» አልኩት።

«ትሪውማ መጨረሻ ላይ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ ወደ ጁወይሪያ ዞረ። «ታዲያ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም እንዴ! ምን በሽታ፣ ጨርቅ፣ ክፍል ትያለሽ? ሽምግልና ነው ብትይኝ ኖሮ ገና ድሮ እጨርሰው ነበር!»

«ሽታ ነው ያልኩት ጋሼ ሁሴኖ፤ በሽታ አላልኩም» አለች ጁወይሪያ።

«ያው ነው።»

እትዬ ማሚቱ አልሳቁም። «ትሂድ ወይስ አትሂድ? ልቤን አታንጠልጥሉት» አሉ።

ጁወይሪያ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። በጣውላው ሥር ባለው ክፍተት አንዲት ብርቱካንማ እግር ወጥታ አየሩን ትዳብሳለች። ሻምበል አጠገቧ ተጋድሟል። ያያታል። አልተነፋ፣ አልጮኸ። የእግሯን ጫፍ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

«በመስኮት ወጥቶ ሲሄድ አሰላ ሙሉ ነበረችለት» አለች ጁወይሪያ። «መርጦ የተኛው ግን እሷ ካለችበት ግድግዳ ሥር ነው። እስቲ እንደገና እንጀምር። ከመጀመሪያው። ካልሆነ ካርቶኑ አለ።» ካርቶኑን መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጠችው። እትዬ ማሚቱ እስከ መጨረሻው ድረስ ያን መደርደሪያ ቀና ብለው አላዩትም።

ከዚያ በኋላ ሁሴኖን ማን ይቻለው! እትዬ ማሚቱ ጓዳቸው ውስጥ ሎሚን ያበላሉ፤ እሱ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ሻምበልን ያበላል፤ ጣውላው በመካከል። ደንበኛ «ሁሴኖ የት ሄደ?» ሲለኝ «ሽምግልና ላይ ነው» እላለሁ። «ከባድ ነው?» «የደም ነው» እላለሁ፤ እውነቴን ነው፣ መዳፉ ገና አልዳነም።

ሎሚ የተኛችበትን ጨርቅ በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ሻምበል ፊት ያኖራል። «ከእሷ ወገን የተላከ ነው» ይለዋል። ሻምበል የመጀመሪያው ዕለት ተነሳ፣ ጨርቁን ዞረው፣ ሸናበት።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ማሚቱ ከጣውላው ማዶ።

«አስብበታለሁ ብሏል» አለ ሁሴኖ።

«ሸንቶበታል እትዬ ማሚቱ!» አልኩ እኔ።

«ሀሊሜ፣ ማሎ፣ እባክሽ ዝም በይ! ሽማግሌ የሰማውን ሁሉ አያደርስም።»

በጣውላው ማዶ ሳቅ ሰማሁ። ከቅዳሜው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ሳህን ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ የወሰድኩላቸውን ምግብ እየበሉ ነበር።

እንዲህ እየተመላለሰ ሰነበተ። ሻምበል ጨርቁን ማሽተት ጀመረ፤ ከዚያ አጠገቡ መተኛት፤ ከዚያ ላዩ ላይ። የሁለቱን ሳህን ቀስ በቀስ ወደ ጣውላው አስጠጉት፤ በመጨረሻ አንዱ ሲያኝክ ሌላው እስኪሰማው ድረስ። ሁሴኖ ማታ ማታ ሪፖርት ያቀርብልኛል። «ዛሬ ስትበላ ሰምቶ ጆሮውን አላጠፈም» ይለኛል፤ ኦብሳና ጉቱ ሲታረቁ እንኳን እንዲህ አልኮራም።

ጁወይሪያ «አሁን ይተያዩ» ያለች ዕለት ሁላችንም እትዬ ማሚቱ ሳሎን ተሰበሰብን። ሁሴኖ ነጩን ጋቢ አጥቦ ለብሷል። «ንግግር የለም» አለችው ጁወይሪያ አስቀድማ። የጋቢውን ጫፍ ጥርሱ ውስጥ አስገባ። ሁለት ሳህን ነበር፤ አንዱ በመስኮቱ በኩል፣ አንዱ በጓዳው በር በኩል። ትሪ አልነበረም።

ሻምበልን ማንም አላቀፈውም። የዕቃ ቤቴን በር ከፈትኩለት፤ በአጥሩ ጥግ በራሱ እግር መጣ። ደፉ ላይ ቆመ። አየሩን አሸተተ። እትዬ ማሚቱ የካፖርታቸውን ቁልፍ ይዘው ሲጎትቱ አየሁ፤ ቁልፉ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ሻምበል ገባ።

ሎሚ ከሳህኗ ቀና አለች። አንድ ጊዜ «ኽኽ» አላት፤ ስብሰባ እንደሚከፍት አለቃ። እሷ ዝቅ አለች። እሱም ወደ ሳህኑ ሄዶ በላ። የራሱን ሲጨርስ ግን ቀጥ ብሎ ወደ እሷ ሳህን ተራመደ። ሁሴኖ ጋቢውን ሊውጥ ደረሰ። ሎሚ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ከዚያ በሆዱ ሥር ሾልካ ሄዳ የሱን ሳህን መላስ ጀመረች። እንዲህ ተቀያይረው ጨረሱ።

ሻምበል አቶ ካሣዬ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ወጣ፤ ዞረ ዞረና ተኛ። ሎሚ ተከትላው ዘለለች፤ አልደረሰችም፤ በፊት እግሮቿ የወንበሩ ጨርቅ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። አያት፤ አያት፤ ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ብዙ አይደለም፤ የአንዲት ሎሚ ቦታ ያህል።

እትዬ ማሚቱ ተነሱና ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ተከፍቶ የቆየውን መስኮት ዘጉት።

ሁሴኖ ጋቢውን ከአፉ አወጣ። «ዛሬ የቀረበው ጉበት ነው» አለ ለጁወይሪያ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያን ዕለትም ጉበት ቢሆን ኖሮ…»

«ሁሴኖ፣ ሽማግሌ ያሰበውን ሁሉ አይናገርም» አልኩት።

ጁወይሪያ ባዶውን ካርቶን ብብቷ ሥር አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። «እና እትዬ ማሚቱ፣ ሎሚ ትቆይልዎት?»

እትዬ ማሚቱ የተነቀለውን ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ወንበሩን አዩት።

«ለጊዜው» አሉ።